የማይጮኸው ሰንጢ

ለራስ መከላከያ የሚሆን ሰንጢ የሚፈልግ ሰው ወደ ሱቃችን ሲገባ ገና ከበሩ አውቀዋለሁ። ደረቱን ነፋ አድርጎ ይገባና ዓይኑ በቀጥታ ትልቁ ላይ ያርፋል። ያነሳዋል፣ ይከፍተዋል፣ አየሩን አንድ ሁለቴ ይወጋዋል፤ እኔም አፌን ይዤ እጠብቀዋለሁ። ሲጨርስ የምነግረው ሁልጊዜ ያው ነው። "ወንድሜ፣ ይሄን የሚያህል ብረት ኪስህ አይገባም። ኪስህ ካልገባ ቤት ትተኸው ትወጣለህ። ሌባው ደግሞ ቤት ሄደህ እስክታመጣው ቆሞ አይጠብቅህም።" ሰንጢ በየቀኑ ከሰው ጋር የሚውል ነገር ነው፤ ዳቦ ይቆርጣል፣ ገመድ ይበጥሳል፣ የላም ሰኮና ውስጥ የገባ ጠጠር ያወጣል። ጠብ የሚፈራ ጥሩ ውሻ ይግዛ፣ ውሻ የማይወድ ጥሩ ጫማ ገዝቶ ይሩጥ እላለሁ። ይሄን ስናገር ባሌ ባዚል ከጓዳ ሆኖ "አሁንም ገበያተኛ አባረርሽ?" ይለኛል። እሱ ከጀርባ ቀንድ ይሞርዳል፣ እኔ ከፊት እሸጣለሁ። ትዳራችን የሰነበተው መሃላችን ግድግዳ ስላለ ይመስለኛል።

ዜሊ ያንኑ ቃል ይዛ የመጣች ዕለት ግን መሳቁም መቆጣቱም አልመጣልኝም። መጋቢት ነበር፤ በረዶው እየቀለጠ ከጣሪያ ይንጠባጠባል። ጫማዋን በር ላይ አራግፋ ገባችና ሻሿን እንኳ ሳትፈታ "ኡርሱል፣ እስቲ ሰንጢ አሳዪኝ" አለችኝ።

"ለባልሽ ለአማንስ ነው?"

"ለኔ ነው።"

"አንቺ ደሞ ሰንጢ ምን ያደርግልሻል?"

"ለራሴ መከላከያ። መንገደኛ በዝቷል።"

በመጋቢት በኛ ደጋ የሚያልፍ መንገደኛ ቢኖር ቀበሮና ፖስተኛው ናቸው። ፖስተኛውን ዜሊ በጥፊ ብትለው እስከ ታች ሸለቆው ድረስ ይንከባለላል። ዜሊ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ሁለታችንም ከታች ከወይኑ አገር ወጥተን እዚህ ኦብራክ፣ ላምና ንፋስ ብቻ በሚኖርበት ብርድ አገር ያገባን ነን። እኔ ረጅም ምላስ ይዤ መጣሁ፣ እሷ ወፍራም ክንድ። በየጠዋቱ ላም ስታልብ የኖረች ሴት ስለሆነች የታጠበ ብርድ ልብስ ብቻዋን ጠምዝዛ ጠብታ አታስቀርበትም።

እኛ ጋ ደግሞ ሴት ሰንጢ አትይዝም። የጓዳው ቢላዋ የሴት ነው፣ የኪሱ ሰንጢ የወንድ ነው፤ ማን እንዲህ እንዳደረገው የሚያውቅ የለም፣ ግን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ሰንጢ ይዛ የምትዞር ሴት ብትታይ ቅዳሴ ላይ ትንባሆ ካጨሰች እኩል ይወራባታል። ሰንጢ እየሸጥኩ የኖርኩት እኔ ራሴ የራሴ የሚባል የለኝም። ያም ሆኖ መሳቢያውን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላት።

አመራረጧ ገረመኝ። ቀኝ እጇን እንደ ደነዘዘ ሰው አልፈስፍሳ እጀታውን በሁለት ጣት ብቻ ትይዝና በግራዋ ጥፍር ስለቱን ትስበዋለች። ሞላው ጠንካራ ስለሆነ አይመጣላትም። ያንን ታስቀምጥና ሌላ ታነሳለች፣ ዓይኗን ጨፍና እንደገና በዚያው በሞተ እጅ ትሞክራለች።

"አንቺ ሴትዮ፣" አልኳት፣ "ሌባው ስትከፍቺ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሽ? በደንብ ያዢው እንጂ።"

"ለስለስ ያለ የላችሁም?"

"ለስለስ ያለ ሰንጢ ኪስሽ ውስጥ ይከፈትና ራስሽን ይወጋሻል። ያኔ ከራስሽ የሚከላከል ሌላ ልትገዢ ነው።"

አልሳቀችም። የቡሽ መንቀያ ያለውን ገፋችው፤ "ወስፌ ብቻ ያለው ነው የምፈልገው" አለች። እሺ ብዬ ወስፌ ያለውን ሰጠኋት። ነጭ ቀንድ አልፈለገችም። ጥቁር ሰጠኋት። ጥቁር ሆኖ ጫፉ ላይ ነጭ የወረደበት መሆን አለበት አለች። እሱንም ፈልጌ አመጣሁ። ቀረብ አድርጋ ስታየው ቆየችና እጀታው ላይ አንድ ቦታ በጣቷ ነካ አድርጋ "እዚህ ጋ ትንሽ ተልጦ ቢሆን" አለችኝ።

"የተላጠ አዲስ ሰንጢ?"

ጓዳ ውስጥ የሞረዱ ድምፅ ቆመ። ባዚል እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣና ዜሊን አያት። ባዚል ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፤ ሲናገርም የሚያየው ብረቱን ነው። የዚያን ቀን ግን ፊቷን እያየ "ዜሊ፣ ይሄማ የአማንስ ሰንጢ ነው። አባቴ ነው የሠራለት" አላት።

እሷም አጠገቧ የነበረውን በርጩማ ስባ ተቀመጠችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ዜሊ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ልጅ እንደማትወልድ ቁርጧን ያወቀች ቀን እንኳ አላለቀሰችም።

አማንስን ከገና በዓል በኋላ ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑን ይዞት እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። እግሩ ተመለሰ፣ አፉ ተመለሰ፣ እጁ ግን ግማሹ ተኝቶ ቀረ። የሰማነው ተሽሎታል የሚለውን ብቻ ነው፤ እሷ ናት እንደዚያ ያስወራችው። ቤት ውስጥ ሦስቱ ብቻ ሲሆኑ፣ እሱ፣ እሷና የሱ የወንድም ልጅ ፊርማን፣ ከምሳ በፊት ሰንጢውን ከኪሱ አውጥታ፣ ከፍታ፣ ሳህኑ አጠገብ ታስቀምጥለታለች። ምሳ ሲያልቅ ደግሞ ሳህን የምታነሳ መስላ ወስዳ ትዘጋዋለች። እሱም አያይም፣ እሷም አላደረገችም፣ ፊርማንም መስኮቱን ያያል።

"ግንቦት መጨረሻ ላይ ግን ላሞቹ ወደ ተራራው ይወጣሉ" አለችን። "አገሩ ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚበላው።"

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። እዚህ የኖረ ሰው ያውቀዋል። አባወራው ሰንጢውን ከኪሱ ያወጣል፣ ይከፍታል፣ በጫፉ ዳቦው ላይ መስቀል ያደርግና የመጀመሪያውን ቁራሽ ይቆርጣል፤ ያኔ ነው ሌላው ሰው ሰንጢውን የሚያወጣው። ሲበቃው ስለቱን በዳቦ ጠርጎ፣ ዳቦዋን ጎርሶ፣ ሰንጢውን ቋ አድርጎ ይዘጋል። ያ ድምፅ ሳይሰማ ከማዕድ የሚነሳ የለም፤ ድምፁ ከተሰማ በኋላም ቁጭ ብሎ የሚያኝክ የለም። አባወራው ካቃተው ደግሞ ከጎኑ ያለው ወንድ ይዘጋል። አንዴ ሌላ ሰው ከዘጋ በኋላ ወንበሩ ወደ ሽማግሌው አይመለስም። ማንም ክፉ ቃል አይናገረውም፤ ብቻ በሚቀጥለው ቀን ሾርባው በጎድጓዳ ሳህን ምድጃው ዳር ይቀርብለታል፣ ከማንኪያ ጋር። ከዚያ በኋላ ስለ ላምም፣ ስለ ሣርም፣ ስለ ምንም የሚጠይቀው ሰው የለም። እንደዚያ ሆነው ሦስት ወር በሕይወት ያልቆዩ ሰዎች አይተናል።

"ፊርማን ክፉ ልጅ አይደለም" አለች ዜሊ። "ግን እጁ የራሱ ሰንጢ ላይ ነው። በየምሳው አየዋለሁ። እጁን ሰንጢው ላይ ጭኖ ነው የሚጠብቀው።"

"እና ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት።

"የሱን የመሰለ ለስላሳ ሰንጢ አሠርቼ ኪሱ ውስጥ ልለውጥለት። አንድ ዓመት ብቻ ኡርሱል። አንድ ዓመት ብቻ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ።"

ባዚል ከመደርደሪያው አንድ ጥቁር ቀንድ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ "ሞላውን ባሳሳው ይከፈትለታል" አላት። "ሕፃንም ይከፍተዋል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የሚጮኸው ሞላው ነው። ሞላው ከሳሳ ሲዘጋ አይጮህም። ወይ ይከፈታል፣ ወይ ይጮሃል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ልሠራልሽ አልችልም።"

 ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ ብቻ ይሰማል። ዜሊ በሽርጧ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ተነሳች።

"ሥራው" አለችው። "ለጩኸቱ እኔ አለሁ።"

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ባዚልም አልጠየቀም። እሱ የሰው ነገር መጠየቅ ቀንድ ያበላሻል ብሎ የሚያምን ነው።

ሥራው ሳምንታት ፈጀ። ባዚል እንደዚያ ሲጨነቅ አይቼው አላውቅም። አባቱ ሞላው ጀርባ ላይ ንብ ይቀርጽ ነበር፣ ሁሉም እዚህ ይቀርጻል፤ የአባቱ ንብ ግን አንድ ክንፏ ከሌላው ታንሳለች፣ የእጁ ነገር ነው። ባዚል ያችን ክንፍ አሳንሶ ለመቅረጽ ሦስት ሞላ አበላሸ። የተላጠውን ቦታ በሞረድ አላስመስለው ሲለው ወደ ጓሮ ወጥቶ በድንጋይ መታው። እኔም "ሰው ሰንጢውን ያሳምራል፣ የኔ ባል በድንጋይ ይቀጠቅጣል" ብዬ ሳቅሁበት። አዲስነቱ እንዲጠፋ ደግሞ ዜሊ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ሽርጧ ኪስ ውስጥ ይዛው ከረመች። ላም ስታልብ ይዛው፣ ሊጥ ስታቦካ ይዛው። ሰንጢ ያዘች ብሎ የሚያወራ ቢመጣ ለመከላከያ ነው ልትለው ነበር።

ላሞቹ የሚወጡበት ቀን ጠዋት አማንስ ገና ሳይነሳ የሱሪውን ኪስ ፈትሻ ለወጠችው። እኔና ባዚል በየዓመቱ እንረዳቸዋለን፤ እሱ ከወንዶቹ ጋር ላሞቹን ይነዳል፣ እኔ ጓዳ ውስጥ ዜሊን አግዛለሁ። ላሞቹ ቀንዳቸው ላይ አበባ ታስሮላቸው፣ ትልልቅ ቃጭላቸውን እያንጫጩ ወጡ። አማንስ በትሩን በግራ እጁ ይዞ ከፊት ይሄዳል። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶታል፤ ላላወቀ ሰው ተዝናንቶ የሚሄድ ይመስላል።

እኩለ ቀን ላይ ተመልሰው ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ዜሊ ምድጃው ጋ ቆማ በትልቁ ድስት ድንችና ለጋ አይብ በእንጨት ትመታለች፤ አይቡ ሲሳብ ክንድ ያህል ይረዝማል፤ ያን የሚመታ ክንድ በአገሩ ያላት እሷ ብቻ ናት። እኛ ጋ የቤቱ እመቤት በእንዲህ ያለ ቀን አትቀመጥም። ቆማ ታቀርባለች፣ ቆማ ትበላለች። ዜሊ በዚያ ጠረጴዛ እንግዳ ባለበት የተቀመጠችው በሕይወቷ አንድ ቀን ነው፣ በሰርጓ ዕለት።

ያን ቀን ደግሞ የማይረሳ ስህተት ሠርታለች። የታች አገር ልጅ አይደለች፤ እኛ ታች ምሳ ስንበላ ሁሉም እንደፈለገ ይነሳል፣ ይቀመጣል። አማቷ ሰንጢውን ከፍቶ ገና እየበላ ሳለ ዜሊ ውሃ ላምጣ ብላ ብድግ አለች። ቤቱ ድርቅ አለ። ሽማግሌው ቁራሹን አፉ አጠገብ እንደያዘ ቀረ። እኔ ከሙሽራዋ ወገን ስለሆንኩ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆኜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር። እሷ ደግሞ ምን እንዳጠፋች እንኳ ሳታውቅ ቆማ ቀርታ ፊቷ ቀላ። ያኔ አማንስ፣ የሃያ ምናምን ዓመት ሙሽራ፣ በአባቱ ፊት ብድግ ብሎ ከጎኗ ቆመ።  ብቻዋን ቆማ እንዳትቀር አብሯት ቆመ፣ አባቱም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀና ሰንጢውን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለ አማንስ ክፉ የሚናገር ሰው ከኔ ጋር አይስማማም።

እንግዲህ አማንስ እጁን ኪሱ ከተተና ሰንጢውን አወጣ። ዳቦው ከፊቱ ነው። ሰው ሁሉ ያወራል፣ ግን ሁሉም በዓይኑ ጠርዝ ወደዚያ ያያል፤ ስትሮኩን የሰማ አይደለም? አውራ ጣቱ እጀታው ላይ ሄደች፣ የተላጠችዋ ቦታ ስትደርስ ቆመች። ዕድሜ ልክ የዳሰሳትን ቦታ ጣቱ ያውቃታል፣ ይህቺ ያቺ አይደለችም፤ የባዚል ድንጋይ የቱንም ያህል ቢደክም። ቀና ብሎ ወደ ምድጃው አየ። ዜሊ ድስቱ ውስጥ ያለው እንጨት ቆመባት፣ ዞራ ግን አላየችውም።

ከዚያ በግራ ጥፍሩ ሳበው። ተከፈተ፣ እንደ ዋዛ። አማንስ መስቀሉን አደረገ፣ ዳቦውን ቆረጠ፣ በየኪሱ የነበረው ሰንጢ ሁሉ ወጣ፣ ቤቱ በጫጫታ ሞላ።  ባዚል ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ሳህኑን ብቻ ነበር የሚያየው።

ተበላ፣ ተጠጣ፣ ወንዶቹ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጥጆች ዋጋ፣ ያለቦታዋ ስለ ወለደችው የጎረቤት ላም ተከራከሩ። አይቡም አለቀ። የአማንስ ሰንጢ ግን ተከፍቶ ሳህኑ አጠገብ ነው። ስለቱ ያለ ጉልበት ሲከፈት ሞላው ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶታል፤ እንደማይጮህም ያውቃል። ሆዱ ጠግቦ እንደገና ዳቦ ቆረጠ። ያን ዳቦ አልበላውም፣ በጣቱ ይፈረፍረዋል። ሰው ወሬ እያለቀበት መጣ። አንዱ አዛጋ፣ አንዱ ጫማውን ከጠረጴዛው በታች አንሸራተተ። ከላይ ላሞቹ ጋ የቀረው እረኛ ምሳውን እየጠበቀ ነው። ፊርማን እጁን ሰንጢው ላይ ጭኗል።

"አጎቴ፣" አለው ቀስ ብሎ፣ "ላሞቹ…"

"አውቃለሁ" አለው አማንስ። ድምፁ ግን የሱ አልመሰለኝም። ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያኔ ዜሊ ድስቱን ከእሳት አወጣች። እጇን በሽርጧ ጠረገች። በርጩማዋን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ወንዶቹን ሁሉ አልፋ ወደ ጠረጴዛው ራስ ሄደች፣ አማንስ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ደክሞኛል" አለች። "እስቲ ጠጋ በልልኝ።"

እንግዳ ባለበት፣ ላሞች በወጡበት ቀን፣ የቤቱ እመቤት ከአባወራው ጎን ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ ጎርሶ የነበረውን ሳያኝክ ዋጠው። አማንስ አያት፣ ከዚያ ወንበሩን ይዞ ጠጋ አለላት። ግራ እጇ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቀኝ እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ። እሷ ፊት ለፊቷ ግድግዳውን ታያለች። እሱ ስለቱን በዳቦው ጠረገ፣ ዳቦዋን ጎረሰ፣ የሰነፈውን እጁን በሌላው ደግፎ ሰንጢውን አጠፈው። አንድም ድምፅ አልወጣውም።

ቋ አለ።

ከሽርጧ ውስጥ ነው የመጣው። የዱሮው ሰንጢ ነው፣ ያ ዕድሜ ልክ በዚያ ቤት ሲጮህ የኖረው፤ የሚዘጋው እጅ ብቻ ነው የተለወጠው። ወንዶቹ ብድግ ብድግ አሉ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተንሸራተቱ፣ ሰንጢዎች በየቦታው ተዘጉ። ፊርማን ብቻ ቆይቶ ተነሳ። የዜሊን ሽርጥ አየ፣ አጎቱን አየ፣ ከዚያ የራሱን ሰንጢ አውራ ጣቱን ከስለቱ በታች አድርጎ፣ ምንም ድምፅ እንዳያወጣ ቀስ ብሎ ዘጋው። የዚያን ቀን ያን ልጅ ወደድኩት፤ እስከዚያ ድረስ አልወደውም ነበር፣ ለምን እንዳልወደድኩትም አላውቅም።

ቤቱ ሲራገፍ ሳህን እያጠብኩ ስለነበር የተነጋገሩትን ሰማሁ። መስማት አልነበረብኝም፣ ግን ጆሮ አለኝ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው አንቺ ሰንጢ የያዝሽው?" አላት።

"ከመጋቢት ጀምሮ። ለመከላከያ ነው።"

"ከማን ልትከላከይ?"

"አንተ ሳትጨርስ ከሚነሳ ሁሉ።"

አማንስ ሰንጢውን በጣቱ ዳሰሰው። "የኔን ነው የሰረቅሽኝ" አላት። "ይሄኛው ንቧ ጥሩ ናት፣ ግን ዓይኗ የባዚል አባት ዓይን አይደለም።"

"ለባዚል ንገረው፣ እኔን አትነዝንዘኝ።"

"አልነግረውም። ደክሞበታል።" ከዚያ ምን እንዳደረገ ስላላየሁ አልናገርም። እሷ ግን በኋላ ወደ ጓዳ ስትመጣ ሻሿ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ነበር፣ ሳታስተካክለው እስከ ማታ ዋለች።

አንድ ዓመት ብቻ ነበር የለመነችው፣ አማንስ ከዚያ በላይ ሰጣት። በየምሳው፣ እንግዳ ኖረም አልኖረም፣ ዜሊ ድስቷን አውጥታ በርጩማዋን አንጠልጥላ ትሄዳለች። "ደክሞኛል፣ ጠጋ በልልኝ" ትላለች፣ አማንስም ይጠጋል። እሱ ያጥፋል፣ እሷ ታጮሃለች። አንዳንድ ቀን ትቀድመውና ሰንጢው ገና ሳይታጠፍ ቋ ይላል፤ ያኔ አማንስ ሳቁን ለማፈን ያስላል። አገሩ መጀመሪያ ዜሊ በስተርጅና ሰነፈች፣ ከወንድ ጋር መቀመጥ አማራት ብሎ አወራ። ከዚያ ወሬው ቆመ። የቆመው ስለሰለቻቸው ይመስለኝ ነበር።

አማንስ በጥቅምት ሞተ፣ ላሞቹ ከተራራው በወረዱ በጥቂት ቀን ውስጥ። ተራራው ላይ ሳሉ ሊሞት አልፈለገም መሰለኝ። ባዚል የሠራው ለስላሳው ሰንጢ ከሱ ጋር ተቀበረ፤ እሷ ናት ኪሱ ውስጥ የከተተችው፣ "እዚያም ሌላ ሰው አይክፈትለት" ብላ።

ከቀብር መልስ ምሳ ተበላ። የጠረጴዛው ራስ ላይ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ የዜሊ በርጩማ ከጎኑ። ፊርማን ከወንበሩ በስተቀኝ ተቀምጧል፣ አሁን የቤቱ አባወራ እሱ ነው፣ ማንም አይከራከረውም። ዳቦውን እሱ ነበር የቆረጠው። ዜሊ ደግሞ ጥቁር ለብሳ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፣ አልበላችም። ምሳው አለቀ፤ ሰው ሁሉ ሰንጢውን ከፍቶ እንደያዘ ተቀመጠ። የፊርማን ሰንጢ ፊቱ ነው፣ አይነካውም።

"አክስቴ፣" አላት፣ "እርስዎ ይዝጉ እንጂ።"

ዜሊ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ጠረጴዛውን ዙሪያ አየች፣ ሽማግሌዎቹን፣ ጎረቤቶቹን፣ እኔን፣ ባዚልን። አንድም የገረመው ፊት አልነበረም። ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። በየምሳው፣ በየበዓሉ፣ የት እንደሚጮህ እያወቁ ሲነሱ ኖረዋል፣ አንዱም ለአንዱ ሳይናገር። እኔ ምላሴ የማያርፈው እንኳ ለማንም አልተናገርኩም ብዬ ስኮራ ነበር፤ ለካ አገሩ ሁሉ ከኔ የባሰ ዝም ብሏል።

እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችና የዱሮውን ሰንጢ አወጣች፤ በሰው ፊት ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነው። ከፈተችው፣ ባዶው ወንበር ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰዎቹ ሊነሱ ተዘጋጁ።

"ትንሽ ቆዩ" አለች። "አልጨረሰም።"

ቆየን። ውጭ ላሞች ሊታለቡ ይጮሃሉ፣ የሚያልባቸው ሁሉ ግን እዚያ ተቀምጧል። ከመሃላችን አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም፣ ፊርማንም እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዜሊ ሰንጢውን አነሳች፣ በዳቦ ጠረገችው፣ ዳቦዋን ጎረሰችና ዘጋችው።